ሪፖርቱና ወንዙ አልተስማሙም፦ የአንድ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ የሥራ ማስታወሻ

ሥራው ሲጀመር

ከተማዋ መካከለኛ ናት፤ ወደ 40,000 ሰው ይኖርባታል። የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዋ ከከተማው በታች፣ ወንዙ ዳር ነው የተሠራው። ሁለት የአየር ገንዳዎች አሉት። አንዱ ወለሉ ላይ ያሉት የአየር መበተኛ ጎማዎች ተቀዳደው ከቆመ ሰንብቷል። የእኛ ሥራ ሲያወሩት ቀላል ነው፦ የቆመውን ገንዳ አዲስ ጎማ አልብሶ ማስነሣት፣ ሁለቱን አጣምሮ ማሠራት፣ ከዚያ ውጤቱን መከታተል።

ወርሃዊውን ሪፖርት ላየ ሰው ችግር ያለ አይመስልም። ከጣቢያው የሚወጣው ውሃ ቢኦዲው 20 ሚሊግራም በሊትር አካባቢ ነው ይላል። ቢኦዲ ማለት ባክቴሪያዎች ውሃው ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ሲበሉ የሚፈጁት ኦክስጅን ነው። ናሙናው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ለ5 ቀን ተቀምጦ ይለካል። 20 ጥሩ ቁጥር ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው የከተማ ፍሳሽ መመሪያ እንኳ እስከ 25 ይፈቅዳል።

ወንዙ ግን ሪፖርቱን ያነበበ አይመስልም። በደረቁ ወቅት ከጣቢያው በታች ይሸታል። ዓሣ የለም። ድንጋዩን ልጋግ ሸፍኖታል። ስለዚህ ጣቢያውን ከመንካታችን በፊት ወንዙን እንለካ አልኩ። "ገንዳ ልትጠግን መጥተህ ወንዝ ምን አገባህ?" የሚል ፊት ያሳዩኝ ነበሩ። ይሁን።

ሊነጋ ሲል

ለምን በሌሊት? ቀን ቀን አልጌውና ውሃ ውስጥ ያለው ተክል በፀሐይ ኦክስጅን ያመርታል። ሲመሽ ማምረቱን ይተውና መፍጀቱን ብቻ ይቀጥላል። ስለዚህ የወንዝ ክፉ ሰዓት ጎሕ ከመቅደዱ በፊት ያለው ነው።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ባትሪ ይዘን ወረድን። ከጣቢያው በላይ የሟሟ ኦክስጅኑ 7.4 ሚሊግራም በሊትር። ንጹሕ ውሃ በ20 ዲግሪ፣ በባሕር ወለል ከፍታ፣ ሊይዝ የሚችለው 9.1 ነው። ለሌሊት 7.4 አይከፋም። ከመውጫ ቱቦው ትንሽ ዝቅ ብሎ 6.1። እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው "ምንም የለም" ብሎ ይመለሳል። እኛ ወንዙን ተከትለን ወረድን። ቁልቁለቱ አልቆ ውሃው ዝግ የሚልበት ቦታ ላይ መለኪያው 1.6 አሳየ። ዘንጉን አወጣሁ፣ አጠብኩ፣ መልሼ ነከርኩ። ያው 1.6።

መለኪያ መሣሪያ ሲያጠራጥር ዳኛው የዊንክለር ዘዴ ነው። ሃንጋሪያዊው ኬሚስት ላዮስ ዊንክለር እ.ኤ.አ. በ1888 ያወጣው ነው፤ ዛሬም አላረጀም። ጠርሙሱ አየር ሳይገባበት እስከ አፉ ይሞላል። ከዚያ ማንጋኒዝ ሰልፌትና አልካላይን አዮዳይድ ይጨመርበታል። ኦክስጅን ካለ ቡናማ ደመና ይነሣል። ከሌለ ደመናው ነጭ ነው። ከጣቢያው በላይ የሞላነው ጠርሙስ ደህና አድርጎ ቡናማ ሆነ። የታችኛው ነጣ ብሎ ቀረ። ቁጥር ሳይነበብ መልሱ በባትሪው ብርሃን ታየ።

በዚያው ቦታ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተመልሰን ለካን። ከ8 በላይ ነበር። ሪፖርቱን የሚሞላው ሰው ናሙና የሚወስደው ረፋድ ላይ ነው። ያውም ከመውጫ ቱቦው እግር ሥር። ሰውየው አልዋሸም። ወንዙ ደህና በሆነበት ሰዓት፣ ደህና በሆነበት ቦታ ነው የለካው።

ቦታው ከቱቦው መራቁም አያስደንቅም። ስትሪተርና ፌልፕስ የኦሃዮ ወንዝን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1925 በቀመር ያስቀመጡት ነገር ነው። ቆሻሻው ወንዝ ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅኑን ወዲያው አይጨርሱትም። ውሃው እየሄደ፣ እነሱ እየበሉ፣ ከላይ አየር እየገባ ይቀጥላል። ፍጆታው ከሚገባው በልጦ ኦክስጅኑ ዝቅ የሚልበት ጉድጓድ ከቱቦው የሰዓታት፣ አንዳንዴም የቀናት መንገድ በታች ነው።

ስሌት

ማታ ወረቀት አወጣሁ። አንድ ሰው በቀን ወደ 60 ግራም ቢኦዲ ይለቃል ተብሎ ይታሰባል። በ40,000 ሰው 2,400 ኪሎ ነው። ለአንድ ሰው 150 ሊትር ውሃ ብንይዝ በቀን 6,000 ሜትር ኩብ፣ ማለትም በሰከንድ 69 ሊትር ይገባል። ወንዙ በደረቁ ወቅት በሰከንድ 300 ሊትር ገደማ ነው የሚፈሰው። አንድ እጅ ፍሳሽ፣ አራት እጅ ከምናምን ወንዝ ማለት ነው።

የ20 ቁጥር ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የብሪታኒያ ንጉሣዊ የፍሳሽ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1912 ባወጣው 8ኛ ሪፖርት 20 ቢኦዲና 30 ተንሳፋፊ ጠጣር የሚለውን ልክ ሲያስቀምጥ አንድ ቅድመ ሁኔታ አብሮ አስቀምጧል፦ ወንዙ ቢያንስ ስምንት እጥፍ ማቅለያ ሊኖረው ይገባል። 2 ይዞ የሚመጣ ወንዝ ስምንት እጅ ሆኖ ከአንድ እጅ 20 ጋር ሲደባለቅ 4 ይሆናል። 20ው በየአገሩ ዞሯል። ስምንቱ መንገድ ላይ የቀረ ይመስለኛል። በእኛ ወንዝ ድብልቁ 5.4 ነው የሚመጣው።

ግን 5.4 ብቻውን ኦክስጅኑን ወደ 1.6 አያወርደውም። ሌላ በላተኛ አለ። ላብራቶሪውን "አሞኒያ ትለካላችሁ?" አልኳቸው። "አልተጠየቅንም" አሉ። ለካን። ከጣቢያው የሚወጣው ውሃ አሞኒያው በናይትሮጅን ሲሰላ 50 ሚሊግራም በሊትር ነው።

አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለመቀየር 4.57 ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል። 50 ሲባዛ በ4.57፣ 228 ሚሊግራም በሊትር። ሪፖርቱ 20 ነው ይላል፤ ወንዙ ላይ ያለው ዕዳ ግን ከዚያ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። የቢኦዲ ምርመራው ይህን አያሳይም። ላብራቶሪው አሞኒያ በል ባክቴሪያዎችን የሚያግድ ኬሚካል ይጨምራል፤ ይህ የታወቀና የተፈቀደ አሠራር ነው። ባይጨምርም ባክቴሪያዎቹ እድገታቸው ዘገምተኛ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በ5 ቀን ውስጥ ገና መንቃታቸው ነው። ወንዙ ውስጥ ግን የሚያግዳቸው የለም። ድንጋዩም ጭቃውም ቤታቸው ነው።

ከዚህ በኋላ የሥራው ስም ተቀየረ። ገንዳ ማስነሣት የነበረው አሞኒያ ማቃጠል፣ ማለትም በባክቴሪያ ወደ ናይትሬት መቀየር ሆነ።

መግቢያው

የብረት ወንፊቱን ነካክተን አለፍን። የሚያስቸግረው እርጥብ ሶፍት ነው። ማሸጊያው ላይ ምንም ይጻፍ፣ እንደ ተራ ሶፍት ውሃ ውስጥ አይበታተንም። እርስ በርሱ ተገማምዶ ገመድ ይሆንና የፓምፑን ክንፍ ያስራል። አሸዋ ማስቀሪያው ውሃውን በሰከንድ 0.3 ሜትር አካባቢ እንዲያሳልፍ በሩን አስተካከልን። ከዚያ ከፈጠነ አሸዋው ያመልጣል፣ ከዘገየ ደግሞ ሌላውም ቆሻሻ አብሮ ይዘቅጥና ይሸታል።

አንድ ነገር ግን ቆም አድርጎኛል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ከተማው ሁሉ ተኝቶ፣ መግቢያው ላይ የሚፈሰው ውሃ ብዙ ነው። ደግሞም ጥርት ያለ። የሰው ፍሳሽ በዚያ ሰዓት ይቀንሳል እንጂ አይጠራም። የከርሰ ምድር ውሃ በተሰነጠቀ ቧንቧ ወደ መስመሩ እየገባ ነው ማለት ነው። ይህን አስቀምጬዋለሁ።

ስለ ጋዙ

ከፓምፖቹ ሥር ያለው ጉድጓድ ውስጥ ተንሳፋፊ ማብሪያ መቀየር ነበረበት። ወጣቱ ቴክኒሺያን መሰላሉን ይዞ ቀረበ፣ አሸተተና "ዛሬስ አይሸትም" አለ። የሌሊት ተረኛው አዛውንት ከወንበራቸው ሳይነሡ "ልጄ፣ ሲሸትህ ገና ነህ። መሽተቱን ሲተው ነው መሮጥ" አሉት።

ልክ ናቸው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከአንድ ሚሊዮን እጅ አንድ እጅ ሳይሞላ አፍንጫ ያውቀዋል። ወደ 100 ሲጠጋ ማሽተቻውን ያደነዝዘዋል። ወደ 1,000 ሲደርስ በጥቂት ትንፋሽ ይጥላል። ከአየር ይከብዳል፤ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ጋዝ መለኪያውን በገመድ አወረድን፣ ጮኸ። አየር ነፊ ተገጠመ፣ ቆየን፣ እንደገና አወረድን። ዝም ሲል ቴክኒሺያኑ የመታጠቂያ ቀበቶውን አስሮ፣ ሁለት ሰው ከላይ ገመዱን ይዞለት ወረደ። ማብሪያውን ለመቀየር የፈጀው ጊዜ ከዝግጅቱ ያንሳል። እንደዚህ ነው መሆን ያለበት።

አዲሶቹ ጎማዎች

ገንዳውን በአንዴ መሙላት ያጓጓል። አልሞላነውም። ንጹሕ ውሃ ከጎማዎቹ በላይ አንድ ክንድ ያህል ብቻ አስገብተን አየሩን በትንሹ ከፈትን። ጥልቀቱ ሲያንስ ነው ጥፋት የሚታየው። ገንዳው ከሞላ በኋላ ሁሉም አረፋ ይመስላል።

አብዛኛው ወለል ላይ ነጭ፣ ደቃቅ፣ ወተት የመሰለ አረፋ ተነሣ። ሦስት ቦታ ላይ ግን ውሃው እንደሚንተከተክ ድስት ይዘላል። አንዱ ጎማው ሲገጠም ታጥፏል። ሁለቱ ማሰሪያቸው ልል ነው። በግራ በኩል ደግሞ አንድ ሙሉ መስመር አረፋ የለውም፤ የቧንቧው ልክ ከሌሎቹ በጣት ያህል ዝቅ ብሎ ውሃ ተኝቶበታል። አየር ሰነፍ ነው፤ ቀላሉን መንገድ ካገኘ ሌላ አይሞክርም። አንዲት የላላች ማሰሪያ የአንድ መስመር ድርሻ ታወጣለች። ውሃው ተመጥምጦ፣ ሁሉም ተስተካክሎ፣ እንደገና ተሞከረ። ውሃው እንደ መስታወት የረጋ ጥግ እስኪያጣ ድረስ ደጋገምነው።

አረፋው ለምን ደቃቅ መሆን አለበት? ያው መጠን ያለው አየር ወደ ብዙ ትንንሽ አረፋ ሲከፋፈል ከውሃ ጋር የሚነካካው ገጽ ይሰፋል፣ ወደ ላይ የሚወጣውም ቀስ ብሎ ነው። የማጣሪያ ጣቢያ መብራት ግማሽ ያህሉ የሚሄደው ለአየር መንፊያው ነው። ስለዚህ ሁለት ልል ማሰሪያ ቀልድ አይደለም።

ሕይወት ማስገባት

ገንዳው ሞላ። ባክቴሪያ ግን ከሱቅ አልገዛንም። በየጊዜው በዱቄትና በጠርሙስ የሚሸጥ "ማስነሻ" ይቀርብልናል፤ አጠገባችን የሚሠራ ገንዳ እያለ አያስፈልግም። ከመጀመሪያው ገንዳ ዝቃጭ፣ ማለትም ባክቴሪያ የሞላበትን ጭቃ መሰል ነገር፣ በፓምፕ ወሰድንና ፍሳሹን በጥቂት በጥቂቱ ለቀቅንለት። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1914 ማንችስተር ላይ አርደርንና ሎኬት ካሳዩት ብዙም አልራቀም። ፍሳሽን አየር እየሰጡ አቆዩት፤ የተጠራቀመውን ዝቃጭ ከመጣል ይልቅ ለሚቀጥለው ፍሳሽ መለሱት፤ የማጥሪያው ጊዜ ከሳምንታት ወደ ሰዓታት ወረደ። ዝቃጩን አትጣሉት፣ መልሱት። ሙሉው ምሥጢር ይህ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነጭ አረፋ ገንዳውን ሞልቶ መራመጃው ላይ ፈሰሰ። የጎበኙን ሰዎች ደነገጡ። ወጣት ዝቃጭ ሲሆን እንዲህ ነው፤ ሳሙናውን የሚበላው ገና አልበዛም። ውሃ ረጭተንበት ጠበቅን። እየጎለመሰ ሲሄድ አረፋው ቀነሰ፣ ቀለሙም ወደ ቡናማ ዞረ።

ሲሊንደሩ

እዚህ ጣቢያ ላይ ካለው መሣሪያ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዝ ብባል የመስታወት ሲሊንደሩን እይዛለሁ። ከአየር ገንዳው አንድ ሊትር ትቀዳለህ፣ ታስቀምጣለህ፣ 30 ደቂቃ ታያለህ። ዝቃጩ ስንት ላይ ተኛ? ከላይ ያለው ውሃ ጠራ ወይስ ደፈረሰ?

መጀመሪያ አልተኛም። ከ30 ደቂቃ በኋላ 600 ሚሊ ሊትር ላይ ነበር። ዝቃጩ በሊትር 2,500 ሚሊግራም ነው። 600ውን በ1,000 አባዝቶ ለ2,500 ማካፈል ነው፤ 240 ይመጣል። ከ150 ካለፈ ዝቃጩ ተንሰራፍቷል ይባላል። ማይክሮስኮፕ ሥር ስናየው ክር የመሰሉ ባክቴሪያዎች ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው ተዘርግተዋል። ክሮቹ ጉብታዎቹ ተጠጋግተው እንዳይከብዱ ይከለክላሉ። አንዳንድ ክር አበጆች የኦክስጅን እጥረት ይመቻቸዋል፤ በገንዳው መግቢያ በኩል የሟሟው ኦክስጅን ከ0.5 በታች ነበር። አየሩን ወደ መግቢያው አዞርንና 2 አካባቢ እንዲሆን አደረግን።

ክር በአንድ ቀን አይሞትም። ሳምንታት ወሰደ። ቁጥሩ ሲወርድ ማይክሮስኮፑም አብሮ ተቀየረ። በግንድ ተተክለው አፋቸውን እንደ ደወል ከፍተው ውሃ የሚስቡት ቮርቲሴላዎች በዙ። አንዷን ብዙ ሰዓት ስመለከት ቆየሁ። ሽፋኑን ሲነኩባት ግንዷን እንደ ሽቦ ጠቅልላ ትሸሸጋለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ትዘረጋለች። እነዚህ ሲበዙ የተንሳፈፈውን ባክቴሪያ እየበሉ ውሃውን ያጠሩታል። ሲሊንደሩ 300 ላይ ሲተኛ ዝቃጩ 3,000 ደርሶ ነበር፤ 100 ማለት ነው። ከላይ ያለው ውሃ ጋዜጣ ያስነብባል።

አሞኒያው አልወርድ አለ

ቢኦዲው ከወረደ በኋላም አሞኒያው ከ45 ንቅንቅ አላለም። ይህን ጠብቀነው ነበር። አሞኒያ በል ባክቴሪያዎች ዘገምተኛ ናቸው። ዝቃጭ ከገንዳው የሚወጣበት ፍጥነት ከሚባዙበት ከበለጠ ታጥበው ያልቃሉ። ስለዚህ የዝቃጩ ዕድሜ ይቆጠራል። ሁለቱ ገንዳዎች 4,000 ሜትር ኩብ ይይዛሉ፤ በ3,000 ሚሊግራም 12,000 ኪሎ ዝቃጭ ነው። በቀን 1,000 ኪሎ ብናስወጣ ዕድሜው 12 ቀን ይሆናል። ድሮ በአንድ ገንዳ ሲሠራ የዚህ ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር። አሞኒያው ለምን እንደቀረ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዚያ አንድ ሳምንት አሞኒያው ወረደ። 30፣ 18፣ 9። ቤቱ ደስ አለው። ቀጥሎ ደግሞ ወደ ላይ ተመለሰ። ፒኤቹን (የአሲድነት ልኩን፤ ሲወርድ አሲዱ በዛ ማለት ነው) ስናይ ከ7.2 ወደ 6.4 ወርዷል። አሞኒያ ሲቃጠል አሲድ ይለቃል። በአንድ ግራም ናይትሮጅን 7.14 ግራም አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የሚቋቋምበት አቅም) ይበላል፣ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ። 50 ሚሊግራም ለማቃጠል 357 ያስፈልጋል። የእኛ ውሃ ይዞ የሚመጣው 330 ነው። ባክቴሪያዎቹ የራሳቸውን መኝታ በልተው ቆሙ።

ኖራ መጨመር አንዱ መንገድ ነው። ግን ኖራ ይገዛል፣ ይደረደራል፣ ቧንቧ ይዘጋል። ሌላው መንገድ በነፃ ነው፦ አየሩን በየመሀሉ ማጥፋት። ሚክሰሩ እየዞረ አየሩ ሲቆም፣ ኦክስጅን ያጡት ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ይተነፍሱታል። ናይትሬቱ ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይቀየርና ወደ አየር ይሄዳል። ከተበላው አልካሊኒቲ ግማሹ፣ በግራም 3.57፣ ይመለሳል። ኦክስጅንም በግራም 2.86 ይቆጠባል። ከ50ው 30ውን በዚህ መንገድ ብናስወግድ 107 አልካሊኒቲ ተመልሶ 80 ገደማ ይተርፈናል። የአየር መንፊያውን ሰዓት ቆጣሪ አስተካከልን። ፒኤቹ 7 ላይ ረጋ፣ አሞኒያው ከ2 በታች ገባ። የመብራቱም ቆጣሪ ቀስ አለ፤ አስተዳደሩ ከወንዙ ይልቅ በዚህ ነው የተደሰተው። በየትም ይምጣ።

ተንሳፋፊ ጉብታዎች

ከሰዓት በኋላ ሁለተኛው ማዝቀጫ ላይ፣ ዝቃጩ ከውሃው ተለይቶ የሚተኛበት ገንዳ ማለት ነው፣ ቡናማ ጉብታዎች ብቅ ብቅ አሉ። የቀን ተረኛው "ክሩ ተመለሰ" ብሎ ክሎሪን ሊያስገባ ተነሣ። ሲሊንደሩን አምጡ። በ30 ደቂቃ ዝቃጩ ቆንጆ አድርጎ ተኛ። አልደፋነውም፤ ጠረጴዛው ላይ ተውነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ከሥሩ ትንንሽ አረፋ ታየ፣ ከዚያ ዝቃጩ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣ። ስንመታው አረፋው ወጥቶ ተመልሶ ሰመጠ። ክር አይደለም፤ ናይትሮጅን ነው። ማዝቀጫው ሥር ብዙ የቆየ ዝቃጭ የተረፈውን ናይትሬት እዚያው እየተነፈሰ በራሱ አረፋ ይንሳፈፋል። መድኃኒቱ ዝቃጩን ቶሎ ቶሎ ወደ አየር ገንዳው መመለስ ነው። የመመለሻ ፓምፑን ጨመርን። ክሎሪኑ በርሜሉ ውስጥ ቀረ።

ዝናብ

መጣ። መግቢያው ከተለመደው ሦስት እጥፍ ሆነ፤ ያ የተሰነጠቀ ቧንቧም የጣራ ውሃም ድርሻቸውን አዋጡ። የዝናብ አደጋው የውሃው ቆሻሻነት አይደለም፤ ከመጀመሪያው ማዕበል በኋላ ፍሳሹ ቀጭን ነው። አደጋው ውሃው ዝቃጩን ከአየር ገንዳው ገፍቶ ማዝቀጫውን ሞልቶ ወንዝ ውስጥ መድፋቱ ነው። ለወራት ያሳደግነው አሞኒያ በል በአንድ ሌሊት ይሄዳል።

ለዚህ ፍሳሹ ገንዳው መጨረሻ አካባቢ እንዲገባ የሚያደርግ በር ነበረ፤ ዝጎ ቆሞ ነበር፣ ቀደም ብለን በግራሶ አሽተነው ነበር። ከፈትነው። ተመላሹ ዝቃጭ የገንዳው መጀመሪያ ላይ እንደተቀመጠ ይቆያል፣ ጎርፉ በጓሮ ያልፋል። ማጣሪያው ለጥቂት ሰዓት ይደክማል፣ ዝቃጩ ግን ቤቱ ይቀራል። ሌሊቱን የማዝቀጫውን የዝቃጭ ልክ በግልጽ ቱቦ እየለካን አደርን። ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፣ ከመውጫው ጠርዝ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ያን ሌሊት ሻይ ያፈላልን ሰው ስሙ ባይጻፍም ውለታው አለብን።

ወንዙ እንደገና

ዝናቡ አልፎ ወንዙ ወደ ልኩ ሲመለስ ወደዚያው ዝግ ያለ ቦታ ወረድን፣ በዚያው ሰዓት። 4.3። ከላይ ያለው አሁንም 7.4 ነው። ጭቃው ለዓመታት የጠጣውን ገና እየመለሰ ነው፤ ከወለሉ አረፋ ይወጣል። ከጣቢያው አሞኒያ ቢጠፋም የጭቃው ዕዳ የራሱ ጊዜ አለው። አንዳንዴ ትልቅ ጎርፍ ጠርጎት ይሄዳል፣ አንዳንዴ ዝም ብሎ ይቃጠላል።

ከሰዓት በኋላም ለካን፣ ግን ለኦክስጅኑ አይደለም። ቀን ላይ አልጌው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሲስበው ፒኤቹ ይወጣል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 8.6 ነበር። ዓሣን የሚገድለው ነፃው አሞኒያ ነው፤ መጠኑ ደግሞ በፒኤች ይወሰናል። በ20 ዲግሪ፣ ፒኤቹ 7 ሲሆን ከአሞኒያው ነፃ የሚሆነው 0.4 በመቶ ነው። 8 ሲሆን ወደ 4 በመቶ ይጠጋል። 9 ሲሆን 28 በመቶ። ስለዚህ ኦክስጅን ሊነጋ ሲል፣ አሞኒያ ከሰዓት በኋላ። ሁለቱ ክፉ ሰዓቶች አንድ አይደሉም፤ ረፋድ ደግሞ ሁለቱንም አያገኝም።

የሪፖርቱን ቅጽ ቀየርነው። አሞኒያ ገባ። የናሙናው ሰዓት ገባ። ከመውጫ ቱቦው ሥር ያለው ቦታ ቀርቶ ዝግ ያለው ቦታ ገባ። ቅጹን ያየ አንድ ኃላፊ "ቁጥሩ እኮ ድሮ ይሻል ነበር" አለ። እውነቱን ነው፣ ይሻል ነበር።

የሚቀረው መስመሩ ነው። የማንሆሎቹን ካርታ ከላይ ወደ ታች ከፋፍለናል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ክዳን እየከፈትን ጥርት ያለው ውሃ ከየትኛው መስመር እንደሚመጣ እናያለን። ጋዝ መለኪያው ቻርጅ ላይ ነው።